የይመኙሽ ጠጉር

ወለተ ሚካኤል በሩን ገፍታ ስትገባ የጽጌሬዳ የኪሮሽ መርፌ ገና ከቢያዝን ድሬድ ውስጥ አልወጣም ነበር። ቢያዝን ባጃጅ ነጂ ነው። በየወሩ ቁስቋም ድረስ እየመጣ የድሬዱን ስር ያስጠነጥናል፤ መርፌው በገባ በወጣ ቁጥርም ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ወለተ ሚካኤል ደግሞ ከኮሶዬ እንቁላል የምታመጣ ሴት ናት። እንደ ወትሮዋ ቢሆን «እንዴት ዋላችሁ» ብላ፣ ቅርጫቷን አስቀምጣ፣ ስለ መንገዱ ማማረር ትጀምር ነበር። ዛሬ ግን ቅርጫትም አልያዘችም። ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ደፉ ላይ ቆመች።

«ያ ጠጉር አለ?» አለች።

«የቱ?»

«ባለፈው ያመጣሁልሽ። ረዥሙ።»

«እሱማ አለቀ። ቅዳሜ ለሄለን ድሬድ ማወፈሪያ አደረግሁት። ሸጋ ጠጉር ነበር፤ ሌላ ካለሽ አምጪ።»

ወለተ ሚካኤል ግድግዳውን ይዛ ቁጢጥ አለች። «ሄለን? ያቺ ነፍሰ ጡሯ?»

ቢያዝን በመስታወቱ ውስጥ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን ማየት ጀመረ። ጽጌሬዳ የሴትዮዋን ፊት አይታ ነገሩ ለወንድ ጆሮ የሚሆን እንዳልሆነ ገባት። መርፌውን እዚያው ራሱ ላይ ሰክታ «መጣሁ» አለችውና ወለተ ሚካኤልን በክንዷ ደግፋ ወደ ጓሮ፣ ከውኃ ሮቶው ጀርባ ወሰደቻት።

«በይ ተናገሪ።»

«የታመመች ልጅ ጠጉር ነው ያልኩሽ ውሸት ነው፤ አፈር ልብላ። ጠጉሩ የኀዘን ነው።»

ጽጌሬዳ ክው አለች። ያደገችው ከተማ ነው፤ የገጠሩን ወግ ግን አታጣውም። እዚያ ማዶ እናት ልጇን ስትቀብር ጠጉሯን ትላጫለች። የተላጨው ጠጉር ደግሞ የትም አይጣልም። እግር እንዳይረግጠው፣ ወፍ ለጎጆዋ እንዳትወስደው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ጥድ ስር ይቀበራል። እንኳን የኀዘን ጠጉር፣ ሲበጠር የወደቀውንም ቢሆን ጎንደር ውስጥ የሚሰጥ ሰው የለም። ሁሉም መተት ይፈራል። የሚያቃጥለው ያቃጥላል፣ የቀረው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይወትፋል። ድሬድ የሚሠራ ሰው ማወፈሪያ ጠጉር እንደ ወርቅ የሚቸግረው በዚህ ነው። ወለተ ሚካኤል ያንን ጥቁር፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ጠጉር ስታመጣላትም ጽጌሬዳ ከደስታዋ ብዛት ብዙ አልጠየቀችም። መጠየቅ ነበረባት።

«የማን ነው?»

«የጎረቤቴ፣ የይመኙሽ። ልጇ ወንጌላዊት ሞታባት የተላጨችው ነው። ውሰጂና ቅበሪልኝ ብላ በእጄ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ርዝመቱን አይቼ ይህን ሁሉ አፈር ሊበላው ነው አልኩ። ሰይጣን አሳሳተኝ።»

«ልጅቱ ምን ሆና ሞተች?»

ወለተ ሚካኤል መሬት መሬት አየች። «ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ስምንት ወሯ ገብቶ ነበር» አለች። «ራሴን፣ ራሴን አለች። የሰው ዓይን ነው ብለን ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርገን አሰርንላት። ማግስቱን ዓይኔ ጨለመብኝ አለች። ከዚያ አንቀጠቀጣት። መንገዱ ዝግ ነበር፤ በቃሬዛ ይዘዋት ሲወጡ ገደሉ አፋፍ ላይ አለፈች። ከነልጇ።»

ከሮቶው ቧንቧ ውኃ ይንጠባጠባል። ጽጌሬዳ ዞራ አጠበቀችው።

«አሁን ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

«ይመኙሽ የቀበርሽበትን አሳይኝ አለችኝ። ልጄ በሕልሜ እየመጣች ጠጉርሽ የት አለ ትለኛለች አለች። ሦስቴ ነው የጠየቀችኝ። ምን ላሳያት? እባክሽ፣ በእመቤታችን፣ ከዚያች ሴት ራስ ላይ አውጪልኝ።»

ቢያዝን ከቤት ውስጥ «ጽጌ፣ ይህ መርፌ እኮ ራሴ ላይ ነው» ብሎ ተጣራ።

ሄለንና ጽጌሬዳ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ ናቸው። ሄለን ፒያሳ ማተሚያ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ አልቆመላትም። ይህ ሦስተኛው ስምንት ወሩን ሲይዝ ባሏ ምንይችል በደስታ ብዛት ጠጅ እንኳ ሳይጠጣ የሚሰክር ሰው ሆኖ ነበር። ድሬዱን ያስጀመረቻት ጽጌሬዳ ናት፤ ሁለቱም ገና ኮረዶች ሳሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ነክቶላት አያውቅም። እርግዝናው ግን ጠጉሯን በላው፤ በጆሮ ግንዷ በኩል ያሉት ድሬዶች ስራቸው ሳስቶ ሳስቶ ክር አከሉ። ቅዳሜ መጥታ «ልጄን ታቅፌ ፎቶ ስነሣ መላጣ እናት እንዳይለኝ፣ እንደምንም አወፍሪልኝ» አለቻት። ጽጌሬዳም በእሬት አጠበቻት፣ በተልባ ውኃ አለሰለሰችው፣ የይመኙሽን ጠጉር በኪሮሹ ከስድስቱ ድሬዶች ጋር እያጋመደች ስታስገባው ዋለች። ሥራው አምሮ ነበር። እንኳን ሌላ ሰው ሄለን ራሷ የቱ የእሷ የቱ የባዕድ እንደሆነ መለየት አቅቷት ስቃለች።

ጽጌሬዳ አሁን ያ ሳቅ ትዝ አላት። ነፍሰ ጡር ሆና የሞተች ልጅ እናት ጠጉር፣ ሁለት ልጅ ያጣች ነፍሰ ጡር ራስ ላይ። ያደረገችው እሷ ናት፤ በገዛ እጇ።

አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የልጃቸውን ሥራ አይወዱትም። ድሬድ ለባሕታዊ እንጂ ለባጃጅ ነጂ ምን ያደርግለታል ባይ ናቸው። ዛሬ ግን ወለተ ሚካኤልን ጓሮ ትታ፣ የምትሄድበት አጥታ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ የኀዘንተኛ ጠጉር በሌላ ሰው ራስ ላይ ቢገኝ ምን ያመጣል?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩዋት። «በምን አግባብ ይገኛል? ተሰርቆ ነው?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ልጄ፣ ጠጉር ሰው አይገድልም። ሙትም ሕያውን አያሳድድም፤ ይህ የደብተራ ማስፈራሪያ ነው። የሰው ገንዘብ ግን ዕዳ ነው። ለባለቤቱ ሳይመለስ ንስሐ የለውም።»

«እሺ» አለች። ልቧ ተቀበለ፤ ሆዷ ግን እንቢ አለ። ፍርሃት የሚያድረው ሆድ ውስጥ ነውና መሪጌታም ቢሆኑ ከዚያ አውጥተው አይጥሉላትም።

ስልኳ የጠራው ይህን ጊዜ ነው።

«ጽጌ» አለች ሄለን፤ ድምጿ ሰልሏል። «ምን አድርገሽ ነው ያጠበቅሽው? ራሴን ወጥሮ ይዞኛል። ሌሊቱን አልተኛሁም። መጥተሽ ላላ አድርጊልኝ፣ በሞቴ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጽጌሬዳ ወደ ቤት ሮጣ መርፌውን ከቢያዝን ራስ ላይ ነቀለችና «ተነሥ፣ ማራኪ ሰፈር፣ ሄለን ቤት አድርሰኝ» አለችው።

«ግማሹ እኮ አልተሠራም።»

«ኋላ እጨርስልሃለሁ። ተነሥ ብዬሃለሁ።»

ወለተ ሚካኤልን በር ላይ ትተዋት ሄዱ። ቢያዝን በቀኝ በኩል የተጠነጠነ፣ በግራ በኩል የተንጨባረረ ራሱን ይዞ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ መንገደኛው እየዞረ ያየው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ጽጌሬዳ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ ስለት ስትሳል ነው የሄደችው፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን። ወሬ ነጋሪ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ብታወጣው፣ ሄለን ሳታውቅ ብታወጣው፣ ነገሩ እንዳልሆነ ይሆናል። ይህን ነበር የምታስበው።

ሄለንን መጋረጃውን ሁሉ ዘግታ ጨለማ ውስጥ ጋደም ብላ አገኘቻት። ብርሃኑ ይወጋኛል አለች። ምንይችል በሌሊት ዕቃ ጭኖ ወደ ዛሪማ ወጥቷል፤ ስልኩም አይሠራም።

«ትንሽ አጥብቄው ነው መሰለኝ» አለች ጽጌሬዳ። «ያስገባሁትን አወጣልሻለሁ፤ ወዲያው ይቀልልሻል።» መዋሸቷ ሳይሆን ውሸቱ ሳያደናቅፋት መውጣቱ ገረማት።

በኪሮሽ የገባ ጠጉር እንደገባ አይወጣም። አንድ በአንድ እየተለቀመ፣ እየተፈታ ነው። ጽጌሬዳ ከአልጋው ጀርባ ተቀምጣ፣ መጋረጃውን ለራሷ ብቻ የምታህል ገለጥ አድርጋ ትለቅም ጀመር። የሄለን ጠጉር ጫፉ ቀላ ይላል፤ የይመኙሽ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። ጥቁሩን ባገኘች ቁጥር ጣቷን የሚለበልባት መሰላት። እየመዘዘች ፌስታል ውስጥ ትከታለች፣ በከንፈሯ ትጸልያለች። የመጀመሪያውን ጨረሰች።

«ቀለል አለሽ?»

«የለም። እንዲያውም ባሰብኝ።»

ሁለተኛውን ያዘች። እጇ ፈጠነ፤ የሄለንንም ጠጉር አብራ እየበጠሰች መሆኑን ታያለች፤ ግን አላቆመችም። ሁለተኛውም አለቀ፤ አራት ቀሩ። አራቱን ብቻ ታውጣ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በጎ ነው።

«ጽጌ» አለች ሄለን። «ዓይኔ ጨለመብኝ።»

መርፌው ቆመ።

ራሴን፣ ራሴን አለች። ማግስቱን ዓይኔ ጨለመብኝ አለች። ጽጌሬዳ ቃሉን ከሮቶው ጀርባ እንደሰማችው፣ በዚያው ተራ መልሳ ሰማችው። የቀረው መንቀጥቀጡ ነው። ከመጣች ጀምሮ የጓደኛዋን ራስ እንጂ ፊቷን አላየችም ነበር። አሁን ተነሥታ ፊት ለፊቷ ዞረችና መጋረጃውን ግልጥ አደረገችው። የሄለን ዓይን ቆብ ንብ እንደነደፈው አብጧል። እጇ አብጧል፤ የጋብቻ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። እግሯ ነጠላ ጫማ እንኳ የሚገባበት አልነበረም። ወለተ ሚካኤልና ጎረቤቶቿ የልጅቷን ራስ በሻሽ ሲያስሩ እንዲህ ነበር የዋሉት። እሷም ይኸው ኪሮሽ ይዛ ያንኑ እያደረገች ነው።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አልሄድም።»

«ሄለን—»

«ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቴም ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት። ምንይችል ሳይኖር አልሄድም። ጨርሺልኝና ልተኛ። ጠጉር ነው እኮ ያመመኝ።»

«ጠጉር አይደለም።»

«አንቺው አጠበቅሁት አላልሽም?»

ጽጌሬዳ ከአልጋው ሥር ተንበረከከች። ብትነግራት ታጣታለች፤ ጓደኝነቱ ያከትማል። ባትነግራት ደግሞ ይህች ልጅ ከዚህ አልጋ አትነሣም።

«ዋሽቼሻለሁ» አለች። «ጠጉሩን ያወጣሁት ስለጠበቀ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። የኀዘን ጠጉር ነው። ዛሬ ነው ያወቅሁት። አንዲት የኮሶዬ እናት ነፍሰ ጡር ልጇ በስምንት ወሯ ሞታባት የተላጨችው ነው። ልጅቷ የሞተችው ራሴን እያለች ነው። ዓይኔ ጨለመብኝ እያለች ነው። የሚሰማት አጥታ።»

ሄለን በሁለት እጇ ሆዷን ያዘች። የጽጌሬዳን ፊት የማታውቀው ሰው ፊት ይመስል አየችው።

«እኔ ራስ ላይ?» አለች። «እኔ ራስ ላይ አደረግሽው?»

«አዎ። ኋላ ትረግሚኛለሽ፣ ትደበድቢኛለሽ፤ የፈለግሽውን። አሁን ግን ተነሺ።»

ሄለን ተነሣች። ከፍርሃት ይሁን ከንዴት አይታወቅም፤ ብቻ ተነሣች። ቢያዝን ደረጃው ላይ ግማሽ ጎኗን ተሸከመላት፤ ባጃጁንም ጉድጓድ ጉድጓዱን እየሸሸ እንደ እንቁላል አድርጎ ነዳላቸው።

የሐኪም ቤቱ አዋላጅ ወጣት ናት። የደም ግፊት መለኪያውን የሄለን ክንድ ላይ ጠቅልላ፣ ነፍታ፣ አየች። እንደገና ነፋች። ከዚያ ፈገግታዋን ዋጠች።

«ራስ ምታቱ መቼ ጀመረሽ?»

«ትናንት ማታ» አለች ሄለን።

«እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?»

ጽጌሬዳ ፌስታሉን ወደ ጀርባዋ ደበቀችው።

ሐኪም ተጠራ፣ መርፌ ተወጋች። ግፊቱ ልጁንም እናቱንም ስለሚጎዳ ልጁ ዛሬውኑ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት ተባለ። ዶክተሩ ብዙ አላወራም። «ሲያንቀጠቅጣት ብትመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር» ብሎ ብቻ ወጣ። ሄለን የአረንጓዴውን ልብስ መቀነት ራሷ አሰረች። አዋላጇ ስስ ቆብ አምጥታ ሞከረችላት፤ እስከ ወገብ የወረደው ድሬድ በዚያ ቆብ የሚገባ አልሆነም።

«ወይ ሰብስቡት፣ ወይ እንቁረጠው። ቶሎ በሉ» አለችና መቀሱን ለጽጌሬዳ አቀበለቻት።

«ቁረጪው» አለች ሄለን። «የሷ ያለባቸውን አራቱን። እሱን ይዤ እዚያ አልገባም።»

ጽጌሬዳ አንዱን ድሬድ ያዘች። መቀሱ ተከፈተ። እግዜር ያሳያችሁ፣ መቁረጥ ፈልጋለች። አንድ ጊዜ ብትጫነው፣ ያ ጥቁር ነገር መሬት ይወድቃል፣ ሆዷም ያርፋል። የልጅነት ጓደኛዋን ጠጉር ግን ከስሩ ልታጠፋው ነው፤ ለምን? እነ ወለተ ሚካኤልን የልጅቷን ራስ ያሳሰራቸው፣ ያንን ሁሉ ሰዓት ያስፈጃቸው ይኸው ፍርሃት አይደለም?

«ሄሉ፣ እኔም ካንቺ የበለጠ ፈርቻለሁ» አለች። «ግን ስሚኝ። ያቺ ልጅ የሞተችው ሰው ራሷን ሲያስር፣ ዓይን ነው ሲል ጊዜ አልፎ ነው። እኔም መጥቼ አንቺ ላይ እንዲሁ ሳደርግ ነበር። ታሪኳን ባልሰማ ኖሮ እስካሁን አልጋሽ ላይ ሆኜ ጠጉር እለቅማለሁ። ከጠጉሩ ጋር የመጣው ታሪኳ ነው እዚህ ያደረሰሽ። እናቲቱ ምን አደረገችን? የተሰረቀችው እሷ ናት።»

ሄለን ዓይኗን ጨፈነች። ካበጠው የዓይን ቆቧ ሥር እንባ ወጣ።

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሉሽ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እንግዲያው አንቺው ጠቅልዪው። ጥብቅ አድርጊው፣ እንዳይወጣ።»

ጽጌሬዳ መቀሱን መለሰችና ሌላ ቆብ ጠየቀች። ቀዩንም ጥቁሩንም አንድ ላይ ሰብስባ፣ ጠቅልላ፣ በሁለት ቆብ ከተተችው። አልጋው እየተገፋ ሄደ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሄለን አልዞረችም፤ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ላከች፤ ጽጌሬዳ ጣቶቿን ሳትነካቸው አልጋው ገባ።

መተላለፊያው ላይ ቢያዝን በዚያ ጎዶሎ ራሱ ግድግዳውን ተደግፎ ሳይጠየቅ ይጸልያል። የጽጌሬዳ ስልክ ጠራ፤ ወለተ ሚካኤል ናት።

«አወጣሽው?»

«የሁለቱን ብቻ።»

«እሱም ይበቃል። እሱን ስጪኝ፣ ጥዱ ስር ቀብሬ አፈሩን አሳያታለሁ። ማን ያውቃል? ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

ቀላል ነበር። ጽጌሬዳም ለደቂቃ ያህል በልቧ አጸደቀችው። ደግሞም ልጁ ይወለድ፣ ሄለን ትዳን፣ ከዚያ ለእናቲቱ እነግራታለሁ ማለት ትችል ነበር። ክፉ ቢሆን ደግሞ ጭራሽ አትነግራትም። ይህን ስታስብ ራሷን ጠላችው።

«የይመኙሽን ስልክ ስጪኝ» አለች።

«ምነው? ልታስገድዪኝ ነው?»

«እኔ የራሴን ነው የምነግራት። ያንቺን አንቺ ንገሪያት። ቁጥሩን ስጪኝ።»

ቁጥሩ የይመኙሽ ባል የአያ ሰጠኝ ነው። ስትደውል ረጅም ጠራ። አንድ ሽማግሌ ሰው አነሣ፤ ከጀርባው ነፋስና የከብት ድምፅ ይሰማል።

«አያ ሰጠኝ ነዎት? እትዬ ይመኙሽን ፈልጌ ነበር።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማች። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ያለው ቀይ መብራት አልጠፋም፤ ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለ ደከም ያለ የሴት ድምፅ።

«እትዬ ይመኙሽ» አለች ጽጌሬዳ፤ «አያውቁኝም። ጠጉርዎ እኔ ዘንድ ነው።»